ሚዛን፣ እማዬና ባሕሩ

ኅዳር 4

እማዬ ደረሰች። አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ አስጠብቆኝ አመሻሹ ላይ ገባ። ከተሳፋሪው ሁሉ መጨረሻ የወረደችው እሷ ናት፤ ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ነፍሰ ጡርና የነፍሰ ጡሯን ባል አንድ በአንድ ስትሰናበት ነበር። ገና ሳታቅፈኝ "ከስተሃል" አለችኝ። አልከሳሁም። ባለፈው ወር ራሴን መዝኛለሁ፤ በሚዛን ጉዳይ ደግሞ እኔን የሚያርመኝ የለም።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነኝ። በጋ በመጣ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ ይዤ ከተራራው ሥር እስከ ባሕሩ ድረስ መንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች እዞራለሁ፤ የነጋዴውን ሚዛን ሁሉ እፈትሻለሁ። ልክ የሆነው ያልፋል፤ ያልሆነው ይታሸጋል፣ ባለቤቱም ይቀጣል። እማዬን የማያት ክረምት ክረምት ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን "አንተ ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ፤ አገርም አያለሁ፣ ሥራህንም አያለሁ" አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው የተወችው። ከከተማዋ ወጥታ አታውቅም። ባሕር አይታ አታውቅም። አለቃዬን አስፈቀድኩ፤ "እናትህ ከሆኑማ ምን ቸገረኝ፤ ብቻ ሥራ እንዳይበደል" አሉኝ።

ሾፌሬን ሬዲዮ እንለዋለን። ስሙ አይደለም፤ ዝም ሲል ታይቶ ስለማይታወቅ ነው። ሻንጣዋን ሲቀበላት ወገቡን ያዘና "እማማ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የያዙት?" አላት።

"የልጄ ስንቅ ነው። ድንጋዩንማ እሱ ይዞት የለ?" ብላ ወደ መፈተሻ ኪሎዎቼ ሣጥን ጠቆመችው። በቃ፣ እዚያው ወዳጆች ሆኑ።

በየከተማው የምናየውን አስቤ ጨርሻለሁ። እዚህ ፏፏቴው፣ ቀጥሎ የድሮው ድልድይ፣ ከዚያ የሰዓቱ ማማ፣ ከዚያ ሐይቁ፣ መጨረሻ ላይ ባሕሩ። ደስ ብሎኛል። ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 6

ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። እማዬም "ካላየሁህ ሞቼ እገኛለሁ" ብላ አብራኝ ገበያ ወጣች።

የሥራዬ ምስጢር አንድ ነው፤ ሳይታሰብ መድረስ። ነጋዴው ቀድሞ ካወቀ ለአንድ ቀን አስተካክሎ፣ እኔ በሄድኩ ማግስት ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ አለቃዬ ሁሌ የሚሉት ይሄንን ነው። ስለዚህ መኪናዋን ራቅ አድርገን እናቆምና በድንገት ከች እላለሁ። መጀመሪያ ሚዛኑ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ በውሃ ልክ አያለሁ። ቀጥሎ የናስ ኪሎዎቼን ከሣጥናቸው በጓንት እያነሣሁ አስቀምጣለሁ፤ ቀስቱ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ማንንም አላዋራም። ሚዛን እየተፈተሸ ወሬ አልወድም።

ብዙዎቹ አላለፉም። የስኳር ሻጯን ሚዛን ሳሽግ ሴትዮዋ እሪ አለች። "እናትህ ጥቁር ትልበስ! የወለደችህ አንጀቷ ይረር!" አለችኝ። ሁሌም የሚባል ነገር ነው፤ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እማዬ የውሃ ጠርሙሴን ይዛልኝ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሳትሰማ አልቀረችም። ግን እሷም የገበያ ሰው ናት፤ ስንቱን ሰምታ ይሆን።

ራት ላይ ሾርባውን አማሰለችው እንጂ አልቀመሰችውም። መንገዱ ነው ያደከማት። በዚህ ዕድሜዋ እዚህ ጎርባጣ መንገድ ላይ ይዣት መዞሬ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እኔ?

ኅዳር 7

ፏፏቴው። ብርሃኑም ጥሩ ነበር፣ ውሃውም ሙሉ። እማዬን ምርጡ ቦታ ላይ አቆምኳትና ፍንጣሪው ፊቷን ሲነካው ምን እንደምትል ጠበቅኩ።

"ያቺ ሴትዮ ልጆች አሏት?" አለች።

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"ስኳር የምትሸጠዋ።"

"እኔ ምን አውቄ እማዬ! ፏፏቴውን እዪ እንጂ።"

"አየሁት። ጥሩ ነው።"

ይኸው ነው። ስንት ሰው ከስንት አገር ተጉዞ የሚያየው ውሃ፣ "ጥሩ ነው።" ትንሽ ከፋኝ። ስንመለስ ግን ስለ ሥራዬ ትጠይቀኝ ጀመር፤ የሚቀጥለው ከተማ ገበያ ምን ቀን እንደሚውል፣ ከየትኛው ተራ እንደምጀምር፣ ሚዛን ለምን እንደሚሳሳት። አንድ በአንድ አስረዳኋት። ብዙውን ጊዜ ተንኮል እንዳልሆነ፣ ጠረጴዛው ሲዘም፣ ሳህኑ ላይ ቆሻሻ ሲጋገር፣ ሞላው ሲላላ እንደሆነ ነገርኳት። "ታዲያ ቢነግሯቸው ያስተካክሉት የለ?" አለች። "ሥራዬ መንገር ሳይሆን መፈተሽ ነው" አልኳት። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሠራ ስለ ሥራዬ እንዲህ ከልቡ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደስ አለኝ፤ ኩራት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም።

ኅዳር 10

መንገድ። አቧራ። ጎማ ፈነዳ። ሬዲዮ ጎማውን ሲቀይር እማዬ ጃንጥላ ያዘችለት፤ እሱም ከሚስቱ ጋር የተዋወቀበትን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከላት። እኔ ይሄንን ታሪክ ስሰማው ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፤ እማዬ ግን እንባዋ መጣ። "አየህ፣ ሰው እንዲህ አድርጎ ሚስት ያገኛል" ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ፔንሲዮን ገባን። ግድግዳው ላይ ያለችው ሥዕል ዘማለች። አቃናኋት። ደክሞኛል።

ኅዳር 11

ድልድዩን እንድታይ ከጠዋት ጀምሬ ብለምናት እምቢ አለች። "አንተ ደክሞሃል፣ እረፍ። እኔ ገበያውን ዞር ዞር ብዬ ልይ።"

"እማዬ፣ ሽንኩርት እንደሆነ የትም ቢሄዱ ያው ሽንኩርት ነው።"

"አንተ ምን ታውቃለህ" አለችኝ። ሬዲዮ ወሰዳት፤ እኔም ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ዘንቢሏ ውስጥ ያልገዛችው ነገር ሞልቶበታል፤ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ክብሪት ሳይቀር። "ሰዎቹ ናቸው የሰጡኝ፤ እንግዳ ነሽ ብለው" አለች። እማዬ የትም ብትሄድ ሰው አታጣም።

ድልድዩን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሄደን አየነው። መሐሉ ላይ ቆማ ቁልቁል ውሃውን ካየች በኋላ "ይሄን የሠራውን ሰው እናቱ አይታለት ይሆን?" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ብቻ እጄን ያዘችኝ፤ እስከ ማዶ ድረስም አልለቀቀችኝም። በዚህ ዕድሜዬ እናቴ እጄን ይዛኝ ስሄድ ሰው ቢያይ ባያይ ግድ አልሰጠኝም።

ኅዳር 12

ጉድ ነው። በዚህ ገበያ የሚታሸግ ሚዛን አጣሁ። አንድም! ጠረጴዛዎቹ ተስተካክለዋል፤ ሳህኖቹ ታጥበው ያብረቀርቃሉ፤ ዱቄት ሻጩማ ካርቶን አጥፎ ከሚዛኑ እግር ሥር ሸጉጧል። ለማረጋገጥ ደግሜ ፈተሽኩ። ልክ ናቸው። አንድ ሽማግሌ "ግባ የኔ ልጅ፣ እንኳን መጣህ" ብለው ወንበር አቀረቡልኝ። እዚህ ሥራ ላይ ከተሠማራሁ ጀምሮ ወንበር ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። መቀመጥ ይኖርብኝ አይኖርብኝ ስለማላውቅ ቆሜ ቀረሁ።

ለእማዬ ብነግራት "ሰው እኮ ጥሩ ነው" አለች፤ ራቷንም ጥርግ አድርጋ በላች። እኔም ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። አየሩ ነው መሰለኝ የተስማማት።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። የአንድ ኪሎዋ ናስ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች። ሬዲዮ ሣጥኑ ላይ ምሳውን እየበላበት መሆን አለበት። ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 14

አለቃዬ ደወሉ። "አንድም?" አሉ። "አንድም" አልኩ። "ተአምር ነው!" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ቆመ።

ሬዲዮ ሣጥኑ ላይ አልበላሁም ብሎ ማለ። ማን ይመነው።

ኅዳር 18

ሦስተኛው ከተማ። ከእማዬ ጋር የሰዓቱ ማማ ላይ ወጣን። በየመታጠፊያው እያረፈች፣ ባረፈች ቁጥርም የማማውን ጠባቂ እየመረቀች። ሰውዬው መጨረሻ ላይ መግቢያ የከፈልነውን ሊመልስልን ምንም አልቀረው።

ከላይ ሲያዩት ከተማው ልክ እንደ ተዘረጋ አንሶላ ነው። ጣሪያው፣ አውቶቡስ ተራው፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ። እኔ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳት ስታገል እሷ ገበያውን በጣቷ ታመለክታለች። "ሥጋ ሻጮቹ እዚያ ናቸው፤ እህሉ እዚህ ጋ ነው። አንተ በየት በኩል ነው የምትገባው?"

"በእህል ተራ በኩል። ነገ በጠዋት።"

"እሰይ" አለች። ከሰዓቱ ይልቅ ይሄ ደስ አላት። ከምሳ በኋላ እኔ ሪፖርቴን ስጽፍ እሷ "እግሬን ላፍታታ" ብላ ከሬዲዮ ጋር ወጣች። ደረጃውን ሁሉ ወጥታ ወርዳ እግሯን የምታፍታታበት ጉልበት ከየት እንዳመጣች አላውቅም። ቤት ስትሆን በር ለመክፈት እንኳ ታማርር ነበር። መንገድ መውጣቷ ጠቅሟታል፤ ለእህቴ ደውዬ ይሄንን እነግራታለሁ።

ኅዳር 19

እንደገና! ሁሉም ልክ። ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን ከመፈተሼ በፊት "ይታጠቡ" ብሎ ውሃና ሳሙና አቀረበልኝ።

ስወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። "እንደተባለው ነው፤ ረጅም ነው፣ ጎበጥም ይላል።" "ቢኮሳተርም ልቡ ንጹሕ ነው አሉ።"

ማን ነው ያለው? መቼ ነው ያለው? ደግሞስ የት ነው የጎበጥኩት?

አንድ ሰው ቀድሞኝ እየነገራቸው ነው። ይሄ አሁን ግልጽ ነው። የምሄድበትን ቀንና ቦታ የሚያውቀው ደግሞ መኪናውን የሚነዳው ሰው ነው። ምላሱን መያዝ የማይችል ሰው።

ኅዳር 22

አለቃዬ ዛሬ አልሳቁም። "ሁለት ከተማ ሙሉ አንድም ጥፋት የለም ብለህ ልከሃል። እዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ?" አሉኝ። አውቃለሁ። ፔንሲዮኑ ውስጥ ተጋድሞ፣ ጉቦውን እየበላ፣ ልክ ነው እያለ ይፈርማል ነው የሚሉት። "ሌሎች ተቆጣጣሪዎች ከኋላህ ልኬያለሁ። አንድ ነገር ከተገኘ ይሄ መንገድ ያንተ አይሆንም። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተህ የተሰበረ ወንበር ትጠብቃለህ።"

እኔን! ከነጋዴ እጅ አንድ ሎሚ ተቀብዬ የማላውቀውን! ይሄንን የምጽፈው የእማዬን ብርቱካን እየላጥኩ ነው።

ይሄን መንገድ እወደዋለሁ። ለማንም ብዬው አላውቅም። ከተራራው ሥር ተነሥቶ ወደ ባሕሩ እስኪወርድ ድረስ እያንዳንዷን ጠመዝማዛ አውቃታለሁ። መስኮት የሌለው ግምጃ ቤት ውስጥ ካስገቡኝ ሞቻለሁ።

ሬዲዮን ጠራሁት። "ለማን ነው የምታወራው?"

"ስለምኑ?"

"ስለ ሥራዬ። የት እንደምሄድ።"

አየኝ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። "ጋሼ፣ እኔ ለማንም አልተነፈስኩም" አለ፤ ከዚያ በኋላ ጭጭ። ሬዲዮ ዝም ሲል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጥፋት ባይኖርበት ለምን ዝም ይላል?

ለእማዬ አልነገርኳትም። ለሽርሽር የመጣችን እናት በዚህ ማስጨነቅ ነውር ነው።

ኅዳር 23

"ምን ሆነሃል?" "ምንም።" "ሰው ክፉ ተናገረህ?" "ማንም አልተናገረኝም።" "ታዲያ ለምን አትበላም?" "እንቅልፍ ነው እማዬ።" ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ትኩሳት የለኝም አለች። እንደሌለኝማ እኔም አውቃለሁ።

ኅዳር 25

አራተኛው ከተማ፤ ሐይቁ። ለሬዲዮ ከሁለት ቀን በኋላ በዋናው ገበያ እንደምሠራ ነገርኩት። እውነቱ ሌላ ነው። ነገ ነው የምሠራው፤ ያውም ከሐይቁ ማዶ ባለችው ትንሿ ገበያ። ይሄን ከእማዬ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አሁን እናያለን።

በጀልባ ዞርን። እማዬ መጀመሪያ የጀልባውን ሰውዬ ቀበቶ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ እሱም ሱሪው እንዳይወልቅ በአንድ እጁ ይቀዝፋል፣ በአንዱ ቀበቶውን ይይዛል። ስትለምደው ለቀቀችውና እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። ወፎቹ ብድግ ሲሉ እንደ ልጅ ሳቀች። እናቴ እንዲህ ስትስቅ መቼ እንዳየኋት አላስታውስም። የአለቃዬም ነገር፣ የሬዲዮም ነገር ለጊዜው ከሆዴ ወጣ። በዚያች ሰዓት ምንም የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ጀልባዋን ወደድኳት፤ እንደገና ልሂድ። እስከ ማዶ።" ብቻዋን! በመጨረሻ የወደደችው ነገር ተገኘ። ለጀልባው ሰውዬ አደራ ብዬ ሸኘኋት።

ኅዳር 26

ልክ ናቸው። ትንሿም ገበያ ልክ ናት።

ሬዲዮ አያውቅም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።

ልወጣ ስል ተራው ጫፍ ላይ ያለች ሽንኩርት ሻጭ አባሮ እንደሚሮጥ ሰው እያለከለከች ደረሰችብኝ። የታጠፈ ሻሽ ሰጠችኝ። "ይሄን ለእናትህ። ትላንት እኔ ጋ ረስታው ሄደች።"

ሻሹን አውቀዋለሁ። አምና እኔ ነኝ የገዛሁላት።

ኅዳር 27

ትላንት ከዚያ በላይ ልጽፍ አልቻልኩም።

ዛሬ ክፍሏ ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የሸሚዜን ቁልፍ ትሰፋልኝ ነበር። ሻሹን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። "እሰይ፣ ጠፍቶብኝ ነበር" አለች። አልደነገጠችም።

"እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ምን ሠራሁ? ሄጄ ነገርኳቸው። ልጄ ነገ ይመጣል፤ ሚዛናችሁን አስተካክሉ፤ ልክ ከሆነ ምንም አያደርጋችሁም አልኳቸው። ያላወቁበትን አሳየኋቸው። አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ሳህኑን እጠቡ፣ ጠረጴዛውን አቃኑ። አንዷን ናስህንም ወስጄ ነበር፤ መቆጣት ካለብህ በሱ ተቆጣኝ። አጥቤ ነው የመለስኳት።"

"አልታጠበችም" አልኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። "ለምን እማዬ? ለምን?"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ያቺ ስኳር ሻጭ ያለችህን አልሰማህም?"

"እሱ እኮ ልማድ ነው። ማንም ይለዋል።"

"ልማድ መሆኑን ለእኔ ትነግረኛለህ? እኔ ራሴ ስንቱን ብዬዋለሁ! ሚዛኔን የነካ ሁሉ እናቱ ጥቁር ትልበስ ያላልኩት የለም። እናት ይኖረዋል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አሁን ያቺ እናት እኔ ሆኜ ከኋላህ ቆምኩ። በየከተማው ሰው ልጄን ሞት ሲመኝለት እኔ ፏፏቴ ልይ?"

አለቃዬ ያሉትን፣ ጉቦኛ መባሌን፣ ግምጃ ቤቱን፣ ሁሉንም ጮኼ ነገርኳት። በእናቴ ላይ ጮህኩ። እጇ ላይ ያለው መርፌ ቆመ።

"እንጀራህን ነካሁብህ?" አለች በቀስታ።

ተነሥታ ልብሷን ታጥፍ ጀመር። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ ነገረችኝ።

"ባሕሩስ?"

"ባሕሩ የት ይሄዳል?" አለች። ፊቷን ግን አላዞረችልኝም።

ኅዳር 28

ጠዋት አውቶቡሱ ሳይነሣ ለአለቃዬ ደወልኩ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። "የላክኋቸው ልጆች ሁለቱንም ከተማ በድንገት ገብተው ፈተሹ። ሚዛኑ ሁሉ አሁንም ልክ ነው። ጉቦ የበላህ ሰው እንዳልሆንክ ገብቶኛል። ያልገባኝ ምን እንዳደረግህ ነው።"

"እኔ ምንም አላደረግሁም። እናቴ ናት" አልኩና ከስኳር ሻጯ ጀምሬ እስከ ሻሹ ድረስ ነገርኳቸው።

ከዚያ የሳቅ ይሁን የሳል ያልለየለት ድምፅ መጣ። "እናትህ" አሉ። "እናትህ ከእኛ መሥሪያ ቤት በላይ ሠሩ በለኛ።" ወዲያው ድምፃቸውን አከበዱ። "ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። በመጨረሻው ከተማ አንድ ሰው ቀድሞ ቢያውቅ መንገዱን እወስድብሃለሁ፤ እናትህም ቢሆኑ አያስጥሉህም። እሳቸው ባሕሩ ጋ ሄደው ይጠብቁህ።"

እማዬን ከአውቶቡስ ተራው መለስኳት። ወደ ቤቷ ከሚሄደው አውርጄ ወደ ባሕሩ የሚሄደው ላይ አሳፈርኳት። ስለ ትላንቱ ጩኸቴ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር "እኔ ብሆን ከዚያ በላይ እጮህ ነበር" ብላ አቋረጠችኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "አትኮሳተርባቸው!" አለችኝ።

ሬዲዮ ቀረኝ። "ታውቅ ነበር አይደል?" አልኩት። "አውቅ ነበር።" "ያን ያህል ስናገርህ ለምን አልነገርከኝም?" "እማማ አደራ አሉኛ። አደራቸውን ልብላ?" በራሴ አፈርኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። ይቅር አለኝ፤ ከዚያም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አፉን አልዘጋም።

ታኅሣሥ 2

የመጨረሻው ከተማ። ማንም አላወቀም። ማንም ወንበር አላቀረበልኝም።

እማዬ እንዳለችው ላለመኮሳተር ሞከርኩ። ሚዛናቸው የተሳሳተባቸውን ለምን እንደተሳሳተ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ ሬዲዮ ቆሞ ያየኛል። ግን ያልሆነው አልሆነም፣ ደንቡም አልተለወጠም። አሸግኩ።

መጨረሻ ላይ ያለችው ሽንኩርት የምትሸጥ አሮጊት ነበረች። የማኅተሙን ሽቦ ሳጠብቅ ጮኸች። "እናትህ ጥቁር ትልበስ! ቆማ ትቅበርህ!"

ይሄን ሁሉ ዓመት በእናቴ ላይ ሲወርድ የኖረውን ነገር ዛሬ ገና ሰማሁት። ሽቦው ሁለቴ ከእጄ አመለጠ። ሆኖም አሠርኩት፤ ሥራዬ ነው። "እማማ፣ ሳህኑን አጥበው ጠረጴዛውን ካቃኑ ነገ በጠዋት መጥቼ እከፍትልዎታለሁ" አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ። ራት አልበላሁም።

ታኅሣሥ 3

በጠዋት ሄድኩ። ሴትዮዋ የሉም። ጎረቤቶቻቸውን ብጠይቅ ማንም አላናገረኝም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ቆየሁ።

ታኅሣሥ 4

ባሕሩ ዘንድ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እማዬ ውሃው ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ፣ ፊቷን እኛ ወደምንመጣበት መንገድ አዙራ። አጠገቧ ሁለት ሴቶች መረብ ይጠግናሉ፤ ከእሷ ጋር ከወዲሁ እንደ እህትማማች ሆነዋል። እኔን ሲያዩ ቦታ ለቀቁልኝ።

"እስካሁን ሳታይው?" አልኳት።

"ካንተ ጋር ካልሆነ አላይም ብዬ ነው።" ፊቴን ትመረምረዋለች። "ሰዎቹስ? ምን አሉህ?"

"መረቁኝ" አልኩ።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ምን ብለው?"

ይሄንን አላሰብኩበትም። "ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልህ አሉኝ።"

እማዬ የገበያ ሰው ናት፤ ፊቷ ቆሞ የሚዋሽ ሰው ዕድሜዋን ሙሉ አይታለች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

"አሜን" አለች። "ለእነሱም። ለእናቶቻቸውም።"

ከዚያ እግሯን አንሥታ በግንቡ ላይ ዞረች፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ አደረገች፤ እስኪመሽ ድረስም ስለ ገበያ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።